ሳተላይቱ ያልሰማው ቆርቆሮ

ትናንት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። ሰይድ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊቴ የሚኖር፣ የጭነት መኪና የሚነዳ የወሎ ልጅ።

«ዛሬስ?» አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ...

ሥራዬ ሳተላይት የገመተውን ዝናብ መሬት ላይ ከተለካው ጋር ማመሳከር ነው። ሰይድ ይህን ካወቀ ወዲህ እረፍት የለኝም።

አባቱ እዚያ ወሎ፣ ተራራ ላይ ብቻቸውን ናቸው። «እኔ ጋ ይምጡ» እያለ ሲለምናቸው ኖሮ ዘንድሮ ትንሽ ለዘብ አሉ። «ዝናቡ ከመጣ እዘራለሁ፣ ከቀረ እመጣለሁ» አሉት። ሰይድ አልጋ ገዝቶ ብርድ ልብሱን ሳይቀር አንጥፏል። እንግዲህ አገር ዝናብ ሲለምን የሱ ልብ ወዴት እንዳለ እኔ አውቃለሁ።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። የሳተላይቱ የዝናብ ካርታ ላይ የሱ አገር ነጭ ነው።

«አልዘነበም ይላል» አልኩት። «ግን ተራራ ላይ ብዙም አላምነውም። የደመናውን አናት አይቶ ነው የሚገምተው። ተራራ ላይ ደግሞ ዝቅ ያለው ደመናም ያዘንባል።»

ሰይድ «አልዘነበም» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ሶፋዬ ላይ ቁጭ አለና ደወለ። ስፒከር ላይ አደረገው።

«አባዬ፣ መቼ መጥቼ ልውሰድዎት?»

የሆነ ነገር ብቻ ይንጫጫል... ከዚያ የአባቱ ድምፅ ከሩቅ መጣ።

«አይሰማኝም ልጄ፣ ቆርቆሮው ነው!»

ዝናብ ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ፣ የደህና ቀን ዝናብ።

አቃቂ በሰቃ ያደግኩበት ቤት ፊቴ ድቅን አለ። እኛ ቤት ዝናብ ሲጀምር ወሬ ይቆማል። እናቴ የጀመረችውን አፏ ላይ ይዛ ትጠብቅና ሲያባራ ካቆመችበት ትቀጥላለች። የጀመረችው ቁጣ ከሆነ ዝናቡ እንዳያባራ በልቤ እለምን ነበር። ቤቱም ፈርሷል፣ እሷም የለችም። እዚህ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መዝነቡን የምናውቀው በመስኮት አይተን ነው። እንዴት እንደናፈቀችኝ...

ሰይድ ስልኩን አልዘጋውም። ሁለታችንም ዝናቡን አዳመጥን።

ጋብ ሲል አባቱ ሳቅ እያሉ ወደ ስልኩ መጡ። «አብሽር ልጄ፣ ነገ በሬዎቹን እጠምዳለሁ። አልጋውን እንግዳ አሳድርበት።»

«አልሀምዱሊላህ» አለ ሰይድ። ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ሻይ ጣድኩለት።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ካርታው አሁንም ነጭ ነው። ቤቴ ሳልገባ የሰይድን በር አንኳኳሁ።

«ዛሬስ?» አልኩት። «እስቲ ደውልላቸው፣ ቆርቆሮውን እንስማ።»