አንሶላ የወረደላት ጀልባ

ሰው ሁሉ እትዬ የሚላት ሴት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ባሏ ሲሞት የተወላት ሀብት አንዲት አረንጓዴ ጀልባ ናት። ልጇንም ያሳደገችው እዚያችው ውስጥ ነው።

ወንዙ የሕዝብ ነው። ባለቤት የጣላቸው ጀልባዎች ውኃ እየጠጡ ሰምጠው መተላለፊያ ስለሚዘጉ፣ ተቆጣጣሪው ዳር ጎትቶ ያስፈርሳቸዋል። ስለዚህ በጀልባ የሚኖር ሰው ራቅ ብሎ ሲሄድ ገመዱ ላይ ጨርቅ ይሰቅላል። ጨርቅ ካለ ባለቤት አለ ማለት ነው፤ ተቆጣጣሪውም ይህን ያከብራል።

ልጇ ስትወልድ እትዬ አንሶላዋን ሰቀለችና ጎረቤቷን መረብ ጠጋኙን፣ «አደራ፣ ጀልባዬን እያት» አለችው።

«እንደ ዓይኔ ብሌን!»

«የትኛው ዓይንህ? ያ የማያየው?» ብላ እየሳቀች ወደ ልጇ ሄደች።

ዝናብ መጣ። መረብ ጠጋኙ ደግነቱ መች ያስቀምጠዋል፤ «የሴትዮዋ አንሶላ በሰበሰ» ብሎ አወረደው፣ አድርቆም አጣጠፈው፤ በምትኩ ሌላ ጨርቅ መስቀል ግን ትዝ አላለውም። በማግስቱ ገበያ ውሎ ሲመለስ የጀልባዋ ቦታ ውኃ ብቻ ነበር።

እትዬ ስትመጣ ወንዙ ዳር የተከመረውን አረንጓዴ ጣውላ አይታ ወደ ተቆጣጣሪው ሄደች።

«እማማ፣ ደጋግሜ ተጣራሁ» አላት ተቆጣጣሪው። «መልስ የለ፣ ጨርቅ የለ። ፍራሽ እንኳ ጥሎ የሚሄድ ስንቱ ነው! በምን ልወቅ?»

መረብ ጠጋኙ አንሶላውን ታቅፎ መጣ። «እንዳይርስብሽ ብዬ ነው እኮ፣ እትዬ...»

«ደረቀ?»

«ደርቋል።»

«ተመስገን። ማጠብ ቀረልኝ።»

እሱ አለቀሰ፤ እሷ ግን እንባ አልመጣላትም።

ተቆጣጣሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስተግራ የተጋደመች አሮጌ ጀልባ አሳያት። «ያቺ ባለቤት የላትም። ውኃዋን ቀድተው ይግቡባት፤ እኔ አላየሁም።»

«ተጣርተህባታል?»

«ስንት ጊዜ!»

«የእኔም ላይ ተጣርተህ ነበር» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ወደ ልጇ ቤት ተመለሰች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው ከተዘረጋ ለወንበር ቦታ የለም። ጠዋት መርቃ የተለየችው አማቿ በሩን ገርበብ አድርጎ ከፈተ።

«ምነው እማማ፣ የረሱት ነገር አለ?»

ከውስጥ ሕፃኑ ያለቅሳል። እትዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

«የለም ልጄ። ሌሊት ሌሊት ሕፃኑን የሚይዝላችሁ ሰው ብታጡ ብዬ ነው።»

አማቿ ዞር ብሎ ሚስቱን አየ።