ከአዴ ሐሊማ እጅ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ራህማ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ ተመልሳ፣ የገዛችውን ሁሉ ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ስታበቃ፣ ስልኳ ላይ የመጣ መልእክት አነበበችልኝ። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የሚነበበውን የምታነብልኝ እሷ ናት። መልእክቱ ከእነ እንትና ሱቅ አትግዙ፣ ከራሳችሁ ሰው ግዙ የሚል ነው። የባለሱቆቹን ስም ሳይቀር ደርድሮታል። ራህማ ክፋት የላትም። የከበደኝ አነባበቧ ነው፤ ዘይት ጨመረ በምትልበት ድምፅ ነው ያነበበችው። ስትጨርስ ስልኩን አስቀምጣ ለሻይ ውሃ ልትጥድ ተነሳች።

እኔ ከፍራሼ ሳልነሳ ሩቅ ሄድኩ።

ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ባቡር ላይ ለሚሠራ ሰው ተድሬ፣ ከባሌና ከእናቱ ጋር ደቻቱ ወንዝ ዳር እንኖር ነበር። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ግመል ይተኛበታል፤ ከላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅድ ይመጣል። ይህ የምነግራችሁ ግን በሙቀቱ ወራት የሆነ ነው። ቀትር ላይ ቆርቆሮው እየተንጣጣ፣ ዶሮው ሳይቀር ጥላ ፍለጋ ቤት የሚገባበት ጊዜ ነው።

መንገዳችን ጥግ ላይ አዴ ሐሊማ ከሰል ትሸጥ ነበር። በዕድሜ የበለጠችንን ሴት አዴ እንላለን። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ሆኖ ሲመጣ ከሩቅ ምዕራብ ይዟት የመጣት፣ ቁመቷ ረጅም፣ መልኳ በጣም ጥቁር፣ ስትስቅ ሰፈሩን የምታሰማ ሴት ናት። ሰፈሩ ከኋላዋ የሚጠራበት ቃል ነበረው፤ ያን ቃል እዚህ አልደግመውም። ከእሷ ለመግዛትም ደንብ ነበር። ማንም ተቀምጦ አላወጣውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ደረቅ ነገር ከእሷ ይገዛል፤ ከሰል፣ ሽንኩርት፣ እንጨት። እጇ ያቦካው ወይም ያበሰለው ነገር ግን አይገዛም፣ አይቀመስም። አማቴ እንደተዳርኩ ሰሞን ሰፈሩን ስታሳየኝ፣ ወተት ከዚህ፣ ሥጋ ከዚያ እያለች በምትነግረኝ አፏ ይህንንም ነገረችኝ። እኔም እሺ አልኩ። ምን እላለሁ።

በተዳርኩ በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ልጄ ሞተብኝ። ጥርስ እንኳ አላወጣም ነበር። ትኩሳት ያዘው፣ ሄደ። ስለዚያ ብዙ አልልም፤ ያኔም ብዙ አላልኩም። ሰው ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም። ጡቴ ወተት እያፈሰሰ ቀሚሴን ሲያርሰው፣ የሌላ ሰው ቀሚስ እንደሆነ ሁሉ አየዋለሁ። አማቴ አጠገቤ ትተኛለች፣ ጡቴን በሞቀ ውሃ ታጥብልኛለች፣ ጎኔን ታሽልኛለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

ለቅሶው ላይ ሐሊማ ሾርባ ሠርታ መጣች። ድስቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ለአማቴ ሰጠቻት፣ እኔ ዘንድ ትንሽ ቁጭ ብላ እግሬን ዳሰስ አድርጋ ሄደች። ከዚያ በጓሮው በር በኩል አየሁ። አማቴ ሾርባውን አሸዋው ላይ ደፋችው። በንዴት አይደለም፤ የዕቃ እጣቢ እንደሚደፋ ነው የደፋችው። አሸዋው ጠጣው። ድስቱንም አጥባ፣ አላህ ይስጥልን፣ በላነው ብላ መለሰችላት። ለልጄ ለቅሶ የመጣ ምግብ ነው። የሆነ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር፣ ምንም አልተሰማኝም። ብቻ ዓይኔ ላይ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ረመዳን ገባ። የሐሊማ ባል ቀደም ብሎ ሞቷል፣ ከሰሉ ደግሞ ልጆቿን አላበላ ብሏታል። ስለዚህ ከከሰሉ አጠገብ መጥበሻ ጥዳ ሳምቡሳ መሸጥ ጀመረች። በረመዳን ከአስር ሰዓት በኋላ ድሬ ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ሳምቡሳው፣ ባጂያው፣ ሾርባው። ሰው ይጋፋል። ሐሊማ ጋ ግን የሚጋፋ የለም። ሴቶቹ ከሰሉን ከእሷ ይገዙና፣ ሳምቡሳዋን አልፈው ከሚቀጥለው መጥበሻ ሳምቡሳ ይገዛሉ። እስከ ኢድ ካልተሸጠላት ቦታውን ለቅቃ፣ ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ወዳለበት አገር እንደምትመለስ ሰማሁ።

አማቴ ሳምቡሳ ግዢ ብላ ላከችኝ፣ ሄጄ ከሐሊማ ገዛሁ። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ጎበዝ ይለኛል። ጉብዝና አልነበረም። ፍርሃት ራሱ አይደርስብኝም ነበር። አማቴ ከማን ገዛሽ ስትለኝ ከአዴ ሐሊማ አልኳት። ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"አንቺ ብዪው። ሳህኑን ግን ለብቻው እጠቢ።"

በላሁ። በማግስቱም ከዚያው ገዛሁ፣ በሌላውም ቀን። ባሌ በእናቱና በእኔ መካከል ተቀምጦ፣ ሳህኑን በዓይኑ እየሸሸ በተምር ብቻ ያፈጥራል።

አንድ ቀን ሐሊማ ሳምቡሳውን በወረቀት ስትጠቀልልልኝ እጇን ገታ አደረገች።

"አንቺ ልጅ፣ ከኔ የምትገዢው እነሱን ለማናደድ ነው?"

"አይደለም።"

"እሺ ይጥማል?"

"አላውቅም። ልጁ ከሞተ ወዲህ ጣዕም አይታወቀኝም።"

ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። "አቦ እንግዲያው ምን ታደርጊልኛለሽ" አለችኝ። "ሌላው አይበላ፣ አንቺ በልተሽ አይታወቅሽ። እኔ ያጣሁት የሚያዝንልኝ አይደለም። የሚበላልኝ ነው።"

በአንዱ አቧራ በበዛበት ቀን ዘግይቼ ወጣሁና፣ አዛኑ እሷ ጋ ቆሜ ሳለሁ ደረሰብኝ። ተምር ሰጠችኝ፣ በራሷ ጣሳ ውሃ ሰጠችኝ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ ሳምቡሳውን በላሁ። ሁለተኛውን ስነክስ ምላሴ ላይ የሆነ ነገር መጣ። ቆም ብዬ አላመጥኩት።

"አዴ፣ ጨው በዝቶበታል" አልኳት።

በጾም አይቀመስ፣ በእጇ ግምት ነው የምትሠራው። አንዱን አንስታ ቀመሰችና ፊቷ ተጨማደደ፤ ከዚያ ያን ሳቋን ለቀቀችው። ወላሂ ባሕር ሆኗል፣ እዚህ ቦታ ከተቀመጥኩ እንዲህ ብሎ የወቀሰኝ ደንበኛ ገና ዛሬ አገኘሁ እያለች ትስቃለች። በሰው ነገር ሳትገባ የማታድር ኑሪያ የምትባል ጎረቤት ነበረችን፤ ሳቁን ሰምታ መጣች። ምንድን ነው አለች፣ ነገርናት። "እስቲ እኔ ልፍረድ" ብላ አንዱን አነሳችና ጎረሰች። እውነትም በዝቷል አለች። ከዋጠች በኋላ ነው ትዝ ያላት፤ ጣቶቿን እያየች ቀረች።

እኔ ግን አልሳቅኩም። የጨው ጣዕሙ አፌ ውስጥ እንዳለ ልጄ መሞቱ ታወቀኝ። እስከዚያ ድረስ ሰምቼው ነበር እንጂ አላውቀውም ነበር። እዚያው ድንጋዩ ላይ አለቀስኩ። ሐሊማ መጣችና መንገደኛው እንዳያየኝ ሰፊ ጀርባዋን ሰጥታ ከፊቴ ቆመች፤ መጥበሻዋንም አልተወችም፣ ከዚያው ሆና ታገላብጣለች።

በማግስቱ ኑሪያ፣ ሐሊማ ጨዉን አስተካክላ እንደሆነ ለማየት ነው ብላ ገዛች። ከዚያ እህቷ፣ ከዚያ ከባቡር የሚወርዱት። ሁሉም አልገዛም። ሐሊማ ግን ኢዱ ሲያልፍ አልሄደችም፤ እስክታረጅ ያ ጥግ የእሷ ሆነ። አማቴ እስክትሞት ድረስ ከእጇ አልቀመሰችም።

ከዚያ በኋላ ጆሮዬም መራጭ ሆነ። ባሌ ከሥራ ሲመለስ ከመንገድ የገዛውን የተረት መጽሐፍ ያነብልን ነበር። እዚያ ውስጥ ጥቁሯ ሴት ሁልጊዜ ገረድ ናት፣ ያለዚያም ሌባ። ይህን አልሰማም አልኩት። ተረት እኮ ነው አለኝ። ተረት ከሆነማ ቤቱ የእሷ ይሁን አልኩት። እንደዚያ ያለ መጽሐፍ ቢፈልግ ስላጣ እየለወጠ ያነብልኝ ጀመር። ዓይኑ መስመሩ ላይ እንደማይሄድ አያለሁ፣ እንዳላየ ሆኜ እሰማለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ኋላ በልጆቼ ደብተር ነው። ከለየሁ ወዲህ ግን መጽሐፍ ሳልገልጥ ለልጅ ሰጥቼ አላውቅም።

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። እኔ ከሐሊማ መግዛት የጀመርኩት ደንዝዤ ነው። አማቴም ሾርባውን የደፋችው ደንዝዛ ነው፤ ጠልታት አይደለም። መደንዘዝ ሰውን በየትም በኩል ይወስደዋል ማለት ነው። እኔን ወደ ሐሊማ ያዞረኝ ዕድሌ ነው እንጂ ጨዋነቴ አይደለም።

ራህማ ሻዩን ይዛ ስትመጣ መልእክቱን ድገሚልኝ አልኳት።

"አሁን ግን ባለሱቁ እዚህ እኔ አጠገብ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል ብለሽ አንብቢው።"

"አያቴ ደግሞ" ብላ ሳቀች። ስልኩን አንስታ ጀመረች። የመጀመሪያው ሰው ስም ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ቀና ብላ አጠገቤ ያለውን ባዶ ቦታ አየች።

ከዚያ በታች ያለውን አላነበበችውም።