ከአየርላንዶች ጋር የምንጫወተው ገና

ገና ሲቃረብ አባባ ስልክ አይለቁም። እንግሊዝ አገር፣ ስቶክዌል ሰፈር ባለው ቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ስፒከሩን ከፍተው ይደውላሉ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የሁለቱንም ወገን ንግግር እሰማለሁ።

«እሁድ ትመጣለህ አይደል? ዱላ አለኝ፣ አንተ ጉልበትህን ብቻ ይዘህ ና።»

ከዚያኛው ጫፍ ምክንያት ይመጣል። አንዱ ሺፍቱን ቼንጅ ማድረግ አልቻለም። አንዱን ወገቡን አሞታል። ሌላው ልጁን ዋና የሚያደርስለት ሰው አጥቷል። አባባ ለሁሉም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለከርሞ ያገናኘን» ይሉና ስልኩን ጭናቸው ላይ ያኖሩታል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው «ፍቅር ጠፋ» ይላሉ። ዘንድሮ ነገሩ ከወትሮው የከፋ ነበር። አየርላንዶቹም ሰው አጥተዋል። ኪራዩ ያስመረራቸው ወጣቶች ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በዚህ እሁድ ሁለቱም ወገን ቡድን ካልሞላ፣ ለከርሞ ሜዳ ቡክ የሚያደርግ እንደማይኖር ሁላችንም አውቀነዋል።

ጨዋታው የተጀመረው አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ነው። አባባ ሹፌር ሳሉ፣ አንድ ዓመት በገና ሰሞን፣ ከአገር ቤት የመጣላቸውን የገና ዱላ ይዘው ሥራ ገቡ። ለምን እንደያዙት ሲጠየቁ እስከ ዛሬ የሚመልሱት «እጄ ፈልጎት ነው» ብለው ነው። በሻይ ዕረፍት አንድ አየርላንዳዊ ሹፌር ያንን ቆልማማ ዱላ አየና ከወንበሩ ተነሣ። በአገሩ ሐርሊንግ የሚባል ጨዋታ አለ። እነሱም ኳስ የሚመቱት በቆልማማ ዱላ ነው፣ የእነሱ ብቻ ጫፉ እንደ ጭልፋ ሰፋ ይላል። ሁለቱ ሰዎች በቆሙት አውቶቡሶች መካከል የተጠቀለለ ካልሲ እየመቱ ተጫወቱ። እኔ አልነበርኩም። ግን ብዙ ጊዜ ስለተነገረኝ ያየሁት ይመስለኛል፤ ቀያዮቹ አውቶቡሶች መብራታቸውን አብርተው፣ ዝም ብለው ሁለት ጎልማሶች ሲሯሯጡ ይመለከታሉ።

ከዚያ ሕግ ወጣ። በእኛ ልማድ ኳሱ በመሬት ይነዳል፣ ሜዳው ዳር የለውም፣ ጨዋታውን የሚያስቆመው ጨለማ ነው። በእነሱ ኳሱ ይበራል፣ መስመር አለ፣ ፊሽካ አለ። እናም የመጀመሪያው አጋማሽ በእኛ፣ ሁለተኛው በእነሱ ሕግ እንዲሆን ተስማሙ። ከእንጨት የሚጠረበውን የእኛን ኳስ፣ ሩሩን፣ አየርላንዶቹ አንድ ጊዜ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቀመሱትና በቆዳ ኳስ ተለወጠ። ከእኛ ወገን ግን አንድ ነገር አንለቅም አልን፤ ስድቡን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ያን ቀን ሎሌ ጌታውን፣ ልጅ ሽማግሌውን በግጥም ቢሰድብ ቂም አይያዝም። የአማርኛ ቸርቻችን ሽማግሌዎች እንኳ አጉረምርመው፣ እናት እስካልተነካች ድረስ ብለው ፈቀዱ።

ስድቡን ለአየርላንዶቹ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። ኳስ የሳተውን ረጅም ልጅ የእኛዎቹ «ባሕር ዛፍ ሆነህ ቆመህ፣ ጥላ እንኳ የለህ» ብለው ሲዘፍኑበት፣ እኔ «ቁመትህን አድንቀው ነው» እለዋለሁ። የአባባ ወዳጅ፣ ያ የጋራዡ አየርላንዳዊ፣ በጎሪጥ ያየኛል። «ይህ ሁሉ ሳቅ ለቁመቱ ነው?» ይለኛል። በእንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለ፣ ከአባባ ጋር እኩያ ቢሆንም እሱ በአፌ «እሱ» ሆኖ ቀረ።

አባባ ጨዋታውን «ኢንተርናሽናል» ይሉታል። ወዳጃቸው ይስቃል፣ ግን አይቃወምም። የእሱ አገር ትልልቅ ተጫዋቾችም ከአውስትራሊያ ጋር እንዲህ ያደርጋሉ፤ ግማሹ ከእነዚህ፣ ግማሹ ከእነዚያ የተዋጣ የእግር ኳስ አላቸው፣ በዓለም ላይ ሌላ የሚጫወተው የለም። አንድ ሰሞን ይኖራል፣ ከዚያ ለዓመታት ይጠፋል፣ ደግሞ ሊመለስ ነው ይባላል። አባባ አንድም ቀን አይተውት ባያውቁም ይጨነቁለታል። «የትልልቆቹ ምን ሆነ?» ይላሉ በየዓመቱ። «እየተነጋገሩ ነው» ይላል ወዳጃቸው። «መንግሥት ያላቸው ሰዎች ካቃታቸው፣ እኛማ እንዴት አድርገን» ይሉና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እኔም ፍቅር የጠፋ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ከአባባ ስልክ ለሚሸሸው ለአክስቴ ልጅ፣ ከሁሉም ጎበዝ ለሆነው ተጫዋች፣ ራሴ ደወልኩለትና እውነቱን ንገረኝ አልኩት።

«ሶሪ፣ ግን አባባን እንዴት ልግጫቸው?» አለኝ። «ኳሱ አጠገባቸው ሆኖ አያዩትም። እስኪያገኙት ሁላችንም ቆመን እንጠብቃለን። ከዚያ መንገድ እንለቅላቸውና ያገባሉ። ኢትስ ኖት አ ጌም፣ ጨዋታ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?»

«እኔ? ልጃቸው አንቺ ነሽ።»

የአባባን ዓይን አውቅ ነበር። ግላኮማ ነው። ዳር ዳሩ ጠፍቶ መሐሉ ብቻ ነው የቀራቸው። ቤት ውስጥ የቁም ሳጥን በር ሲገጫቸው «ማነው የከፈተው?» ይላሉ። ሜዳ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ጭጋጉ ነው ጥፋተኛው። ያላወቅሁት ሌላ ነገር ነበር። ጨዋታውን ለማትረፍ ቀን ሙሉ የሚደውሉት ሰው፣ ሰዉ የሚሸሽበት ምክንያት ራሳቸው ነበሩ። ደዋዩም ተደዋዩም ጨዋ ስለሆነ ጨዋታው በጨዋነት ሊሞት ነው። ተናደድኩ። ይሉኝታ የምንለው ነገር አንዳንዴ ደግነት አይመስለኝም፣ ስንፍና ነው። እኔም እኮ ያንኑ ቀን እራት ሳቀርብላቸው ሳልነግራቸው አደርኩ።

በዚያው ሳምንት የአባባ ወዳጅ ኪልበርን ሰፈር ነይና ሻይ እንጠጣ አለኝ። ዋናው መንገድ ላይ፣ ከአትክልት መሸጫው ጎን ባለች ትንሽ ካፌ ተቀመጥን። የመስኮቱ መስታወት በትንፋሽ ደብዝዞ፣ ውጪ የሚያልፈው ሰው ውኃ ውስጥ የሚሄድ ይመስል ነበር።

«የእኔም ልጆች የሚሸሹት በዚሁ ነው» አለኝ። «ሽማግሌያችሁ ስለሆነ እናንተ ትነግሩታላችሁ ብለን ጠበቅን። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ኳሱን ሆን ብዬ ለቀቅሁለት። ወዳጄ ነው። ወዳጄን ማታለል ሰለቸኝ።»

«ታዲያ ንገረዋ።»

ሻዩን አማሰለ። «በጨዋታው ቀን የተባለ ነገር ቂም አይያዝበትም አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ግጥሙን ስጪኝ። ስታሳምሪልኝ የኖርሽውን ዓይነት ሳይሆን፣ እውነተኛውን።»

እዚያው ተቀምጬ በአማርኛ ገጠምኩና ድምፄን በስልኩ ቀዳሁለት። እኛ ቤት አባባ አንቱ ናቸው። «አንተ» የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ሁለት ጊዜ ሰርዤ እንደገና ቀዳሁ። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እንደ ጸሎት ይደጋግመው ጀመር።

እሁድ ክላፋም ሜዳ ስንደርስ ጭጋጉ እውነተኛ ጭጋግ ነበር። ዛፎቹ እስከ ወገባቸው ብቻ ይታዩ ነበር። ሰዎች ከነጩ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ዱላ የተሸከመ፣ የራስ ቁር ያንጠለጠለ፣ ቴርሞስ የያዘ። የመጨረሻው ነው መባሉን ሰምተው ነው መሰለኝ፣ ከፈራነው በላይ መጡ። የአክስቴም ልጅ መጣ። አባባ ከሕፃን በላይ ደስ አላቸው። አንዱን ሲስሙ ሌላው በጎናቸው ቆሞ ሰላምታውን ይጠብቃል፤ እሳቸው አያዩትም።

ጨዋታው ተጀመረ፣ ሁሉም እንደ ሕልም ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ሯጩ ከአባባ አጠገብ ሲደርስ ይራመዳል። መቺው ሊመታ አንሥቶ ያወርዳል። ኳሱ በአባባ ግራ አልፎ ቆመ፤ እሳቸው ወደ ቀኝ ዞረው ሣሩን በዱላቸው ዳሰሱ። ሁሉም ባለበት ቆመ። አየርላንዱም ሐበሻውም፣ እንደ ለመደው፣ እስኪያገኙት ጠበቀ። ያን ጊዜ ወዳጃቸው የራስ ቁሩን አውልቆ ወደ መሐል ገባና፣ የሸመደደውን በተሰባበረ አማርኛ አዜመ፤

ኳሷ በግራ ስትሄድ፣ አንተ በቀኝ ዞረህ፤
ዓይንህ ጡረታ ወጣ፣ አንተ ብቻ ቀረህ።

አባባ በአነጋገሩ ሳቁ። ፈረንጅ በአማርኛ ሲሰድባቸው የመጀመሪያቸው ነበር። ሌላ ማንም አልሳቀም። ሳቃቸው ብቻውን ጥቂት ሄዶ ቆመ።

«ቤት መትቷል» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ አንገታቸውን ቀስ እያሉ አዞሩ፣ በቀረቻቸው በዚያች ጠባብ መሐል ሰዉን አንድ በአንድ አልፈው እኔ ላይ ደረሱ። ማን እንደገጠመው አልጠየቁም። ከሜዳው ወጡና ይዤላቸው በመጣሁት ተጣጣፊ ወንበር ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። «ምን ቆማችኋል? ተጫወቱ» አሉ።

መጀመሪያ ፈሩ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ኳሱን ነዳው፣ አንዱ አየርላንዳዊ በትከሻው ገጨው፣ እናም ጨዋታው ነቃ። ጭጋጉ ውስጥ ገብተው ጠፉ። የሚሰማው የዱላና የዱላ ግጭት፣ የጫማ ድብደባ፣ በሁለት ቋንቋ የሚሰደብ ስድብ ነበር። አንዱ ወደቀና ሌላው በላዩ ዘለለው። አባባ ጆሯቸውን ወደ ድምፁ አዘንብለው ብዙ አዳመጡ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚጫወቱት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ ስኖር እንዲህ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ልዋሽ እችል ነበር፤ ስድብ እያሳመርኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ቆይቷል፣ አባባ» አልኳቸው።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «እኔ እኮ» አሉ፣ «ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።»

ክንዳቸውን ያዝኩ። ቆይቶ የአክስቴ ልጅ ከጭጋጉ ወጣ፣ ጉልበቱ ደምቶ፣ እያለከለከ፣ ፊቱ በርቶ። ማንም ሳይጠይቀው አባባ ፊት በርከክ አለና፣ «ለከርሞ ጓደኞቼንም ይዤ እመጣለሁ» አላቸው።

አባባ በእጃቸው ፈልገው ራሱን አገኙትና ዳበሱት።

«ና» አሉት። «እኔን ግን እንዳትጠብቁ።»