ያልበሰለው ጊሽጣ

ባለፈው ሳምንት ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ከምትቸረችረው ሴትዮ ጊሽጣ ገዛሁና ቤት ገብቼ አንዱን በእጄ ስፈለቅቀው፣ ያ እርሾ እርሾ የሚለው ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ሳልቀምሰው ሳህኑን ወደዚያ ገፍቼ ቁጭ አልኩ። ጊሽጣ በየዓመቱ እበላለሁ። አንዳንድ ዓመት ግን እንዲህ ያደርገኛል።

በደርግ ጊዜ ቤታችን ከዚራ በሚባለው ሰፈር ነበር፤ አባዬ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበርና ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ቆርቆሮው በቀትር የሚንጣጣ ቤት ነበረን፤ ከጓሮው እማዬ በእጇ የተከለችው የጊሽጣ ዛፍ ቆሟል። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ መስኮቷን ዘግታ የምትተኛ ከተማ ናት፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሳምሶንም በግድ ሲሚንቶው ላይ ሰሌን ተነጥፎልን እንጋደም ነበር። ትልልቅ ሰዎች ዓይኑን የጨፈነ ልጅ ሁሉ የተኛ ይመስላቸዋል።

በዚያ ዓመት እማዬ አልጋ ያዘች። ሐኪሙ አባዬን ለብቻው አነጋግሮ ወደ ቤት መለሳት፤ ምን እንዳለው የነገረን የለም። ወደ ክፍሉ ስንገባ ወሬው ይቋረጥና ስለ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ይጀመራል። ልታስታምማት ከደብረ ብርሃን የመጣችው አክስቴ ተዋበች ደግሞ ለልጅ ስለ ሞት ማውራት ሞትን በስሙ ጠርቶ ቤት ማስገባት ይመስላት ነበር። ገና አምስት ዓመቱ የነበረው ሳምሶን እማዬ መቼ ነው የምትነሳው እያለ ሲነተርካት፣ እጁን ይዛ ወደ ጓሮ አወጣችውና ዛፉን አሳየችው። ጊሽጣው ሲበስል ትነሳለች አለችው። ከዚያ በኋላ ልጁን ከዛፉ ሥር የሚያስነሳው ጠፋ።

አባዬም የራሱ ዘዴ ነበረው። ምስጢር ሲሆንበት ወደ ኦሮምኛ ይዞራል። ጎልማሳ ሆኖ በሥራ ቦታ በስንት መከራ የተማረው ቋንቋ ስለሆነ፣ እኛ ከሰፈር ልጆች ጋር ብይ ስንጫወት በነጻ እንደለቀምነው አንድም ቀን አልታየውም። የእማዬ የልብ ወዳጅ አዴ ፋጡማ በየቀኑ ከመጋላ ሰፈር የግመል ወተት ይዛላት ትመጣ ነበር። አንድ ቀትር እኛ ሰሌኑ ላይ ተጋድመን ሳለ፣ በረንዳው ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ እማዬ ጠየቀችው።

«ሂን ፈይቱ» አላት አባዬ። አትድንም። ክረምቱን መዝለቋንም ሐኪሙ እንደሚጠራጠር ጨመረላት።

ዓይኔን እንደጨፈንኩ ቀረሁ። ሳምሶን እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ እኔ ግን ድንገት ቢሰማ ብዬ ጆሮው ላይ መዳፌን አስቀመጥኩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት አብሮኝ ይውል ጀመር። እማዬ ራሷ አታውቅ ይሆናል፣ ከአፌ ካመለጠኝ እኔ ነኝ የምገድላት ብዬ አሰብኩ። ትምህርት ቤት ሆኜ የባቡሩ ፉጨት በተሰማ ቁጥር እማዬ ሞታ ይሆን እላለሁ፤ ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ አንሶላው ከፍ ዝቅ ሲል ካላየሁ ወደ ውስጥ አልገባም። ሳልሰናበታት እንዳትሄድ ፈራሁ፤ ለመሰናበት ደግሞ ማወቄን መናገር ነበረብኝ።

ነገሩን ያፈረሰው ሳምሶን ነው። የገበያ ሴቶች ጥሬ ፍሬ ዱቄት ውስጥ ቀብረው ሲያበስሉ አይቶ ኖሮ፣ የጊሽጣውን እንጭጭ ፍሬ ለቅሞ የማሽላ ዱቄቱ ውስጥ ቀብሮታል። ጊሽጣ ያለጊዜው ከተቀጠፈ ይጠቁራል እንጂ አይበስልም። አንድ ከሰዓት በኋላ ዱቄት በዱቄት ሆኖ፣ የጠቆሩትንና እንደ ድንጋይ የደረቁትን ፍሬዎች በሸሚዙ ታቅፎ እማዬ አልጋ ላይ ዘረገፋቸውና ማልቀስ ጀመረ።

«እንቢ አለ። አልበስልም አለ። አክስቴ ሲበስል ትነሳለች ብላኝ ነበር።»

እማዬ ፍሬዎቹን አየች፤ ቀጥላ አክስቴን አየቻት።

«ሳሚዬ፣ ጊሽጣው በጊዜው ይበስላል» አለችው። «እኔ ግን አልነሳም። በሽታዬ የሚድን አይደለም። እሞታለሁ።»

«ኧረ በማርያም! ለሕጻን እንዲህ ይባላል?»

«ተዪኝ ተዋቡ። ልጄ ዛፍ ሲጠብቅ ሊከርም ነው እኮ።»

ሳምሶን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ታዲያ ማን ያጥበኛል?»

«እህትህ። መጀመሪያ ዓይንህ ውስጥ ሳሙና ታስገባብሃለች፤ በኋላ ትለምዳለች።»

«እኔ አውቄ ነበር» አልኩ። «አባዬ ለአዴ ፋጡማ በኦሮምኛ ሲነግራት ሰማሁ።»

እማዬ እስኪያስላት ሳቀች። «ይሄ ሞኝ ሰውዬ! ድሬ የተወለደ ልጅ ኦሮምኛ አይሰማም ብሎ!» ሳቋ ሲያበቃ እጄን ያዘችኝ። «ብቻሽን ይዘሽው ከረምሽ?» አለችኝ፤ ያን ጊዜ ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አባዬ ከሥራ ሲገባ፣ ከእንግዲህ በአማርኛ ተናገር፣ ልጆቹ ሁሉንም ይሰማሉ አለችው፤ እሱም ከነሥራ ልብሱ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። በጠዋት መጋላ አዴ ፋጡማ ቤት ወስደውን፣ አክስቴ እናታችሁ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደች አለችን። ሳምሶን አንጋጦ አያት።

«ሞታለች በይን እንጂ አክስቴ። እማዬ ነግራናለች።»

አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አዴ ፋጡማ ሁለታችንንም አቅፋ፣ አዎ ልጆቼ፣ ሞታለች አለችን፤ እጃችንን ይዛ ወደ ቤታችን መለሰችን፤ እኛም ከሰው ጋር አለቀስን።

ጊሽጣው በጊዜው በሰለ። አክስቴ ዛፉን ቀና ብላ ማየት አልሆነላትም፤ ሳምሶን ግን ወጥቶ አወረደ። አንድ ለእኔ ሰጠኝ፣ አንድ ለራሱ ያዘ፣ ትልቁን ወስዶ የእማዬ አልጋ ላይ አስቀመጠው። ትንሽ ቆሞ አየው፤ መልሶ አነሳውና «አትመጣም እኮ» ብሎ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ።

ዛፉ ተቆርጧል፤ በረንዳው ላይ ሱቅ ተሠርቶበታል፤ አባዬም አክስቴም አዴ ፋጡማም የሉም። የእማዬ ድምፅ ከጆሮዬ ከጠፋ ቆየ፤ ያለችንን ግን አንድ ቃል ሳላጎድል አስታውሳለሁ። ሳህኑን መልሼ ሳብኩና ጊሽጣውን በላሁ።