ጋሽ ወርቁ የተቀመጡበት ሳር

ጠፍቷል ተብሎ ከካርታ ሊሰረዝ የነበረ የዱር ሳር ዛሬ አገኘሁ። ጋሽ ወርቁ ተቀምጠውበት ምሳ እየበሉ ነበር።

በትርፍ ጊዜዬ ሙዚየም ያሉ የደረቁ ሳሮች የት እንደተሰበሰቡ ከመዝገብ እያነበብኩ ካርታ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ይኼኛው የተሰበሰበበት በከተማችን በግሮቭፖርት ያለ ሜዳ አሁን ጋሽ ወርቁ የሚሠሩበት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ነው። አንድ ዘለላ ካላገኘሁ ነጥቡ ይሰረዛል።

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ይነሱልኝ።»

«የምሳ ብሬኬ አላለቀም።»

«የተቀመጡት ብርቅዬ ሳር ላይ ነው።»

«ብርቅዬ ከሆነ እንዴት በየቀኑ እዚሁ ይጠብቀኛል?»

ሆኖም ተነሱልኝ፤ ሳሩ ተጨፍልቋል። የሙዚየም ናሙናም ተጨፍልቆ ነው የሚደርቀው፤ ግማሹን ሥራ እሳቸው ጨርሰውታል።

ዘለላዬን ቆረጥኩ፤ ነጥቡ ተረፈ። መዝገቡ ላይ «ሰብሳቢ» በሚለው ቦታ የእሳቸውን ስም ጻፍኩ።

«ብሬክ ላይ እንደነበርኩም ጨምርበት» አሉ፤ «አለቃዬ ያየው ይሆናል።»

እናንተስ፣ ጠፋ የተባለ ነገር ማን ተቀምጦበት አገኛችሁ?