ኦዲሎን ያላገኘው ቀዳዳ

ኦዲሎን ሚሾን በብርዱ ወራት ያየው ሰው የመንደራችን ሰው አይመስለውም። በእኛ ወንዝ ዳር ወንድ የተባለ ሁሉ ድንቹ ተለቅሞ ሲያልቅ ጢሙን መልቀቅ ይጀምርና እስከ ፋሲካ አገጩን አናየውም። ኦዲሎን ግን በየማለዳው ሙልጭ አድርጎ ይላጫል። እንዲህ ያደረገው ሥራው ነው። ንፋስ በየት በኩል ቤት እንደሚገባ የሚፈልገው በጉንጩ ነው።

የሰው ቤት ከብርድ እንድንዘጋ የቀጠረን ቢሮ ለሁለታችን አንድ ትልቅ ማራገቢያ ሰጥቶናል። የወጥ ቤቱ በር ላይ ሸራ ወጥረን እሱን እንተክላለን፤ የቤቱን አየር ወደ ውጭ ሲያስወጣው የውጭው ብርድ ባገኘው ስንጥቅ ሁሉ እያፏጨ ይገባል። ማሽኑ ቤቱ ምን ያህል እንደሚያፈስ በቁጥር ይናገራል፤ የት የት እንደሆነ ግን አይናገርም። ያኔ ኦዲሎን ጉንጩን በውሃ አርሶ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞራል። ይህን የተማረው ከአባቱ ነው። ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ የድንች መጋዘን ይጠብቁ ነበር፤ ብርድ ከገባ የአንድ መንደር ድንች በአንድ ሌሊት ይበላሻል፤ ስለዚህ ሰውዬው ፊታቸውን ከሳንቃው ጋር አስጠግተው ሲያሸቱ ይውላሉ። ኦዲሎን ራሱ ሃያ ዓመት ወረቀት ፋብሪካ ሠራ። ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ ወደዚህ ሥራ ገባ። እኔ ሬኖ፣ መሰላል ያዡ፣ አሥራ አራት ዓመት አብሬው በየሰው ኮርኒስ ላይ ተንፏቅቄአለሁ፤ የሞተ አይጥ ሽታ ከልብሴ አይወጣም። ስለዚህ ሥራ ደግ ነገር እንድናገር የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ።

ያለፈውን ጃንዋሪ ሳስበው ደግሞ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

እማማ ፊሎሜን የኦዲሎን ክርስትና እናት ናቸው። ሰማንያ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ባላቸው አልሲድ ካረፉ ወዲህ ወንዙ ዳር ባለው አሮጌ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ክሎዴት ባንጎር ከተማ ነርስ ናት። ለገና ምሳ መጥታ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ትንሽ የሙቀት መለኪያ ለጠፈች፤ ያቺ ነገር ቀጥታ ወደ ስልኳ ትልክላታለች። በማግስቱ ጠዋት ስልኳን ስታየው ሃምሳ አንድ ይላል። በእኛ መለኪያ ውሃ ሠላሳ ሁለት ላይ በረዶ ይሆናል፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው ሃምሳ አንድ የመኖሪያ ቤት አይደለም። ክሎዴት ኦዲሎን ዘንድ ደወለች። እስከ ጃንዋሪ የመጨረሻ እሑድ ድረስ ጠዋት ጠዋት ስልሳ ካልሞላ እናቴን ባንጎር የአረጋውያን ቤት አስገባታለሁ፣ ክፍሉንም አስይዣለሁ አለችው።

እማማ ፊሎሜን ይህን ሲሰሙ አልጮኹም። ለሦስት ቀን ያህል ምግብ አስጠላቸው። ኦዲሎን እጃቸውን ይዞ አንዲት ቀዳዳ እንደማያስቀር ቃል ገባላቸው። በዚያ ቃል ምክንያት ነው ሦስት ሳምንት እሳት ላይ የተቀመጥነው።

የመጀመሪያው ቀን ጥፋት የእኔ ነበር፤ አልደብቅም። ማሽኑን ከመክፈታችን በፊት የእንጨት ምድጃውን አመድ መጥረግ አለብን። እኔ ረሳሁት። ማራገቢያው ሲነሳ የምድጃው በር ተበርግዶ የሁለት ቀን አመድ ወጥ ቤቱን ሞላው፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የአተር ሾርባና ገና ከምጣዱ የወጣው የእማማ ፊሎሜን ቂጣ ግራጫ ሆነ። ኦዲሎን እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሾርባውን አየ፣ ከዚያ መጥረጊያ ይዞ መጣ። እሳቸው ግን ሳቁ። ከገና ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ተሠራ። የጭስ ማውጫው ኮርኒሱን በሚበሳበት ዙሪያ ቆርቆሮ አደረግን፣ እሳት በማይበላው ማጣበቂያ ዘጋነው። ግድግዳው ከመሠረቱ ጋር የሚገናኝበትን ምድር ቤት ውስጥ በጀርባችን ተኝተን እያበጠ የሚደርቅ ፎም ነፋንበት። ሶኬት፣ የቧንቧ ቀዳዳ፣ የኮርኒስ መውጫ ክዳን፣ የመስኮት ጠርዝ፣ ምንም አልቀረም። ማሽኑ ያሳየው የነበረው ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። ቤቱ ሬድዮ ከፍተህ ከውጭ የማይሰማበት ቤት ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ክሎዴት ደወለች። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ።

«ሃምሳ ሁለት» ብላ ዘጋች።

ጋቢና ውስጥ ነበርን። ኦዲሎን መኪናዋን አዞረ። ተመልሰን ሄድን፤ ማሽኑን ተከልን፤ ቁጥሩ ያው ነው፤ ቤቱ ጥርቅም ብሏል። በማግስቱ ሃምሳ። በሦስተኛው ቀን ሃምሳ አንድ። በየማለዳው ቁጥር እየሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ በየማለዳው ቁጥር የምትነግረው ሴት ደግሞ የእናቷን ሞት መጠበቅ የሰለቻት ይመስል ድምጿ ደረቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ጠላኋት። ፈርታ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

ቢሮው ቤቱ ጥሩ ቁጥር ካሳየ ፋይሉን ዝጉ አለን። ኦዲሎን ፋይሉን ዘጋ፤ ቅዳሜ በራሱ ጊዜ ሄደ። እኔንም ጎትቶ ወሰደኝ። ምድር ቤት ያለውን ማሞቂያ ፈታን፣ ደህና ነው። መለኪያዋን በሌላ መለኪያ ፈተንናት፣ እውነቷን ነው። ኮርኒሱን ለአራተኛ ጊዜ ወጣንበት። እማማ ፊሎሜን ከታች ሆነው ሻይ እንድንጠጣ ይለምናሉ፤ ስለ ብርዱ ስንጠይቃቸው እኔን አይበርደኝም ይላሉ። ኦዲሎን ሁለት ጊዜ፣ ሌሊት ምን ይሰማዎታል ብሎ ጠየቃቸው። ሁለት ጊዜም ደህና እተኛለሁ ልጄ አሉት። ሲሉ ግን ዓይናቸው እሱ ላይ አልነበረም። ያን ማየት ነበረብን። ግን ጉንጭ የሚጠይቀው ግድግዳን ነው እንጂ ሰውን አይደለም።

የመጨረሻው ሳምንት ሐሙስ ክሎዴት አርባ ዘጠኝ ብላ ደወለች፤ እሑድ ጠዋት እመጣለሁ፣ ካርቶን እይዛለሁ አለች። ኦዲሎን ቁርሱን ትቶ ተነሣ። እማማ ፊሎሜን ዘንድ የምንሄደው ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር፤ ያን ቀን ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። በእኛ አገር በር አይንኳኳም፤ በወጥ ቤት በኩል ዝም ብለህ ትገባለህ። ገባን። ምድጃው እየነደደ ነው፣ ሴትዮዋ የሉም፤ ከመታጠቢያ ቤት ውሃ ይሰማል። ኦዲሎን ኮሪደሩ መሃል ሲደርስ ቆመ። ጉንጩን ወደ መኝታ ቤቱ አዞረ።

የመኝታ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ላይ አራት ወፍራም ብርድ ልብስ ተነባብሯል፤ ትራሱ ላይ የሱፍ ቆብ ተቀምጧል። መስኮቱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ተገፍቶ የማገዶ ፍላጭ ተሸጉጦበታል። የመስኮቱ ደፍ ላይ በረዶ ተከምሯል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የስፌት መርፌ የማታልፍበት ቤት ስንሠራ ሴትዮዋ ማታ ማታ መስኮት ከፍተው ይተኛሉ፤ እኛ ከመምጣታችን በፊት ደግሞ ዘግተው፣ በረዶውን ጠርገው ይጠብቁናል።

ኦዲሎን ክርስትና እናቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ያን ቀን አደረገ። በሆዴ እየተሳብኩ ቤትዎን ስዘጋ፣ ልጅዎ በየጠዋቱ ስትሰድበኝ፣ እርስዎ እያዩ ዝም አሉኝ አላቸው። እሳቸው ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ሰሙትና አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነገሩን። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ሁለት ዓመት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የሆስፒታሉ መነኮሳይት ብርድ አየር ሳንባ ያድናል ብለው ሴቶቹን ልጆች በረንዳ ላይ፣ በረዶ እየዘነበ፣ ያስተኟቸው ነበር።

«ከጎኔ ያለችው ልጅ ብርዱን አልቻለችም፤ ስታለቅስ ወደ ውስጥ አስገቧት» አሉ እማማ ፊሎሜን። «እኔ እዚያው ውጭ ቀረሁ። እኔ ወደ ቤቴ መጣሁ፤ እሷ አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ ተዘግቶብኝ ተኝቼ አላውቅም።»

ለምን ለክሎዴት አልነገሯትም አልኳቸው። ነርስ ናት፣ ብነግራት በማግስቱ ትወስደኛለች አሉ። በሩንስ ለምን ከፈቱት? ያ ደግሞ የክሎዴት ትእዛዝ ነው፤ ለገና የመጣች ቀን፣ ብትወድቂ እንዲሰማ በሩን ክፍት አድርገሽ ተኚ ብላቸዋለች። ብቻቸውን የሚኖሩት ሴትዮ ሲወድቁ ማን እንደሚሰማ እንጃ። ቀድሞ በሩ ተዘግቶ ስለሚያድር ብርዱ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀር ነበር። አሁን ግን ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው ያቺን መለኪያ ነው።

ኦዲሎን ከኪሱ መዶሻ አወጣ። መስኮቱ ላይ ሚስማር ሊመታ እንደሆነ ለሁላችንም ግልጽ ነበር።

«ምታው» አሉት። «ግን ከመታኸው ያቺ ባንጎር ያለችው ክፍል ትሻለኛለች። እዚያም መስኮት አይከፈትም አሉ፤ ቢያንስ ልጄ አጠገብ እሆናለሁ።»

ኦዲሎን መዶሻውን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ያለውን የውጭ በር ላስቲክ አምጣ አለኝ። የውጭ በር ነው ያለኝ። በመኝታ ቤቱ በር ዙሪያ ላስቲኩን ገጠምን፤ ከታች ወለሉን የሚጠርግ ብሩሽ አደረግንበት፤ ሙቀት የሚመጣበትን የወለል ቀዳዳ በቆርቆሮ ከደንነው። ቢወድቁ እንዲደውሉ የቤቱን ስልክ አልጋቸው አጠገብ ተከልንላቸው። መስኮቱን አልነካነውም። ያ ክፍል ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤቱ ውጭ ሆነ። ኦዲሎን ሥራውን ሲጨርስ ደስ አላለውም። የእኔ ሥራ ብርድ ማስወጣት እንጂ ሰው ከብርድ ጋር መቆለፍ አይደለም እያለ ሲያጉረመርም ዋለ።

ዓርብ ጠዋት ክሎዴት አልደወለችም። ቅዳሜም አልደወለችም።

እሑድ ባዶ ካርቶኖቿን መኪናዋ ውስጥ ትታ ገባች። መለኪያዋ ስልሳ አራት ይላል። ኦዲሎንን አቅፋ አመሰገነችው። እሱ ቆሞ እንደ ሌባ ወለሉን ያያል። ከዚያ የእናቷን መኝታ ቤት በር ለመክፈት ሞከረች፤ አልከፈት አላት። በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ ብርዱ ፊቷን መታት። መስኮቱን አየች፣ ፍላጩን አየች፣ ቆቡን አየች።

«ይሄን ማነው ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አላት ኦዲሎን፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። ሆስፒታሉን፣ በረንዳውን፣ ያቺን ልጅ። ክሎዴት ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ እማማ ፊሎሜንም ተከትለው ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እናቷን ነበር የምታየው።

«እማዬ፣ አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ለብቻው ሌላ ክፍል የሚተኛው በዚህ ነበር?»

«ብርድ አይወድም ነበር» አሉ እማማ ፊሎሜን። «ማታ ማታ ብርድ ልብሴን አስተካክሎልኝ፣ በሩን ዘግቶልኝ ይሄዳል። ሌላ ምን መስሎሽ ነበር?»

ክሎዴት ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ወላጆቿ ተኳርፈው የኖሩ መስሏት ነው ያደገችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ትንፋሿ በጣቶቿ መሃል ይጨሳል። ኋላ ስልኳን አውጥታ ባንጎር ደወለች። ያስያዝኩትን ክፍል ለሌላ ሰው ስጡት አለች፤ አዎ እርግጠኛ ነኝ አለች፤ ዘጋችው።

እማማ ፊሎሜን ኮሪደሩ ላይ የቆምነውን እኛን ቀና ብለው አዩን።

«በሩን ዝጉት እንጂ» አሉን፤ «ቤቱን ልታቀዘቅዙት ነው።»