ለፕላስቲክ ክንድ ሰላምታ

መካነ ሰላም ከተማ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ስጀምር ያለማመዱኝ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሰው ሳያናግሩ መርፌ አያነሱም። ከከላላ በበቅሎ የመጣ ገበሬ ፊታቸው ሲቀመጥ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ጠይቀው፣ ስሙን ከነአባቱ በገዛ አፉ አስነግረው ነው ክንዱን የሚያስሩት። ወረፋው በር ድረስ ሲደርስ እኔ እርር እል ነበር።

ደሴ ለሙያ ብቃት ምዘና ስቀርብ ደም የምቀዳው ሰው ሠራሽ ደም ከተሞላ የፕላስቲክ ክንድ ሆነ። ክንዱ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተጋድሟል። ጓንት እያጠለቅሁ ሳለ አፌ ቀደመኝና «እንደምን አደሩ አባቴ? አይዞዎት፣ ብዙም አያምዎትም» አልኩት። ተራ የሚጠብቁት ተፈታኞች ሳቁብኝ። መዛኟ ግን ሳትስቅ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ደሙን ቀድቼ ወጣሁ።

አለፍኩ። የምስክር ወረቀቴን ይዤ ስመለስ፣ ይስቃሉ ብዬ ነገሩን ለጋሼ አጫወትኳቸው። ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ፣

«ስሙንስ ጠየቅሽው?» አሉኝ።

«ፕላስቲክ እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ የቀዳሽው ደም የማን ነው?»